የቡሪው ካራቫን ባትሪ

የባትሪ ሥራ እንደ ሕክምና ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ፖሊስነት ይመስለኛል። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ቢያንስ የቱ ጋ እንደሚያመው ይናገራል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን አፉን የሚፈታው በውሸት ነው። የመኪናውን ሬዲዮ ከፍቶ ያደረው «ምንም አልነካሁም» ይላል። ባትሪው ውስጥ የቧንቧ ውሃ የገለበጠው «የተጣራ ውሃ ነው፣ ወላሂ» ብሎ ይምላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት በሱቄ በር ላይ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ አማርኛ የሚያነብ ደንበኛ ስላልነበረኝ ተውኩት።

ሱቄ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ጀርባ፣ ራክሻ የሚጠገንበት መስመር ላይ ነበረች። ራክሻ የሚሉት እኛ ባጃጅ የምንለውን ባለ ሦስት እግር ነው። ወደ ሱዳን የገባሁት እንደ ብዙዎቹ እኩዮቼ ወደ አውሮፓ ለማለፍ እንጂ ለመቀመጥ አልነበረም። ካርቱም ዳር ማዮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያገኘሁትን እየተሸከምኩ የቀን ሥራ ስሠራ ከርሜ ሳለ፣ አንድ የባትሪ ነጋዴ ሽማግሌ ዕቃ አራግፍልኝ ብለው ወሰዱኝ። አራግፌ ስጨርስ ደግሞ ይህን እጠበው፣ ያንን ፍታው እያሉ እዚያው አስቀሩኝ። ባሕሩን ሳላየው ዓመታት አለፉ፤ ሽማግሌውም ወደ ገጠራቸው ሲገቡ ሱቋ የእኔ ሆነች። አሁን የማወራው ነገር የሆነው ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ውስጥ መብራት በተራ በሚጠፋበት በጋ ነው።

አንድ ጠዋት ቶብ የሚሉትን ረጅም ልብሳቸውን የተከናነቡ አንዲት ሱዳናዊት እናት ከራክሻ ወርደው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊታቸው ላይ የጥድፊያ ምልክት የማይታይባቸው ሴት ነበሩ። ካራቫን ትሠራለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ካራቫን ማለት ቤት የተሠራበት መኪና ነው፤ ፈረንጆች አልጋና ምድጃቸውን በሆዱ ይዘው አገር ላገር የሚዞሩበት። እጄ ነክቶት እንደማያውቅ፣ ባትሪ ግን የትም ቢሆን ባትሪ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ና» አሉኝ። «ባለቤቴ የሚተነፍሰው እሱ ውስጥ ነው።»

ቤታቸው ቡሪ ሰፈር ነው። ግቢው ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ኒም ዛፍ ሥር፣ ጎማዎቹን አፈር የዋጣቸው ነጭ ካራቫን ቆሟል። ከብዙ ዘመን በፊት እዚያ ድረስ መጥቶ ሞተሩ የከዳው አንድ ፈረንጅ ነው ሸጦላቸው የሄደው። እንግዳ ሲበዛ ሰው ይተኛበት ነበር። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰሜኑ በረሃ ሎሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ እሳቸውን ሐጅ፣ ሚስታቸውን ሐጃ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ አልኳቸው። የበረሃው አቧራና ሲጋራው ተረዳድተው የሐጅን ሳንባ ጨረሱት፤ ሐኪምም ከአየሩ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ አፍንጫ ድረስ የሚያመጣ ማሽን አዘዘላቸው። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። መብራቱ ደግሞ በዚያ በጋ እኩለ ቀን ላይ ይሄድና የሚመለሰው ወደ ማታ፣ ለመግሪብ ጸሎት ሲጠራ ነው። ጄኔሬተር እንዳይገዙ ለቤንዚን ሰልፍ መዋል ሊኖርባቸው ነው።

ሐጃ ታዲያ ቁጭ ብለው አሰቡ። ግቢያቸው ውስጥ የራሱ ባትሪዎች ያሉት፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓኔል የተዘረጋ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር የተገጠመለት ነገር ቆሟል። ባላቸውን ደግፈው አውጥተው ካራቫኑ ውስጥ አስተኟቸው። ጠዋትና ማታ ማሽኑ በቤቱ መስመር ይሠራል፤ መብራት ሲሄድ ወደ ባትሪው ይዞራል። ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም። እኔ በሙያው የኖርኩት እንኳ ይህን ማሰቤን እጠራጠራለሁ፤ ሲያስረዱኝ አፌን ከፍቼ ነበር የሰማኋቸው።

ችግሩ ባትሪው ቀኑን አለመጨረሱ ነው። ገና የከሰዓት በኋላው የዐስር ጸሎት ሳይደርስ ኢንቨርተሩ ይጮሃል፣ ማሽኑ ይቆማል። ያን ጊዜ አልጋው ራስጌ የቆመውን የኦክስጅን ሲሊንደር ይከፍታሉ። ሲሊንደሩን ማስሞላት ደግሞ በዚያን ጊዜ እንደ ሐጅ ጉዞ ወረፋ የሚጠበቅበት ነገር ነበር፤ መርፌው በየቀኑ እየወረደ ቀዩ መስመር ጋ ደርሷል። ሲሊንደሩ ካለቀና ባትሪው ከተኛ ለሐጅ የሚቀራቸው ነገር የለም። ሐጃ ይህን የነገሩኝ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ነው።

ሐጅ ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ ሰጥተው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ትንፋሻቸው አጭር ስለሆነ ንግግራቸውን እየቆራረጡ ነው የሚያወጡት፤ ቀልዳቸው ግን አልተቆረጠም። ሐበሻ መሆኔን ሲያውቁ በወጣትነታቸው ሰሊጥ ለመጫን ጋላባት ድረስ ይመጡ እንደነበር፣ ከድንበሩ ማዶ ያለውን መንገድ ግን ሰው እንደሚነዳበት እስከ ዛሬ እንዳልገባቸው አወሩኝ። መንገዳችሁ ሁሉ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው መቼ ነው አሉኝ። ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ፣ ሐጃ ውሃ አጠጧቸው።

ሥራ ጀመርኩ። የባትሪዎቹን ክዳን ስከፍት ፖሎቹ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። በሙቅ ውሃና በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ፣ ማሰሪያዎቹን አጠበቅኩ፣ ውሃቸው የጎደለውን ሞላሁ። እንደ ልማዴም የማታመልጥ ጥያቄዬን ጠየቅኩ፤ ከማሽኑ ሌላ የተገናኘ ነገር አለ? ማቀዝቀዣ፣ አምፑል፣ ስልክ፣ ማንኛውም ነገር? ሐጅ ወደ ጣሪያው አዩ። ሐጃ «ማፊ» አሉ፤ የለም ማለት ነው። አንዲት ስልክ እንኳ? «ማፊ» አሉ ደግመው፣ ሻይ ሊያመጡልኝም ሄዱ። እንዲህ ያለች ሴት አትዋሽም ብዬ አመንኳቸው፤ በሙያዬ አንድ ሰው ማመኔ ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ባትሪው ተኝቷል።

እንዲህ ሲሆን እበግናለሁ። ሰው ላይ አይደለም፣ ባትሪው ላይ። ተመልሼ ሄጄ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ፓኔሉን ከነፋሱ የመጣ ቀይ አቧራ ሸፍኖታል፤ እርግቦችም የድርሻቸውን ጨምረውበታል። አጠብኩት። ግን ግማሹን ቀን የኒሙ ትልቅ ቅርንጫፍ ጥላውን ይጥልበታል፤ አንዱ ጥግ ጥላ ካረፈበት ፓኔሉ በሙሉ ሰነፍ ይሆናል። ቅርንጫፉ ይቆረጥ አልኩ። ሐጃ እምቢ አሉ፤ ዛፉን የተከሉት ሐጅ ናቸው፣ ያውም ከጉዞ በተረፈ የመጠጥ ውሃ እያጠጡ ያሳደጉት። ነገሩን ትቼ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለያይቼ፣ የሎሪ የፊት መብራት አምፑል ለኩሼባቸው ፈተንኳቸው። አንደኛው ወዲያው ደከመ። የደከመ ባትሪ ከጤነኛው ጋር ከታሰረ ጤነኛውንም ይዞ ይወድቃል፤ ከሱቄ ሌላ አምጥቼ ተካሁት። በእኔ ግምት አሁን ቀኑን ይሻገራል። እንዲያውም ይተርፋል።

አልተሻገረም። ከበፊቱ ትንሽ ጨምሮ ሠርቶ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ቆመ። ሐጃ ሲነግሩኝ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። የሲሊንደሩ መርፌ ቀዩ ውስጥ ገብቷል አሉኝ።

በሦስተኛው ጊዜ ማለዳ ሄድኩ። መብራት አለ፤ የሐጅ ማሽን በቤቱ መስመር ላይ ነው፣ ስለዚህ ኢንቨርተሩ ሥራ የለውም፣ ዝም ማለት አለበት። ሽማግሌው አሠሪዬ ያስተማሩኝ አንድ ነገር አለ፤ መለኪያህን ከማውጣትህ በፊት የእጅህን ጀርባ አስቀምጥ፣ ሥራ የሌለው ነገር አይሞቅም ይሉ ነበር። የእጄን ጀርባ ኢንቨርተሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሞቋል። እንደ ታቀፈች ዶሮ ነው የሞቀው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን ሽቦ በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። አንደኛው ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ እሱ ተነቅሏል። ሌላ ቀጭን ነጭ ሽቦ ግን ከሥሩ ተሹለክልኮ፣ በአልጋው እግር በኩል ወጥቶ፣ ፍራሹ ሥር ይገባል። በፍራሹ ጠርዝ ተከትዬው ተንበረከክኩ። ቀና ስል ሐጅ እያዩኝ ነው። መቼ ይደርስብኛል ብለው ሲጠብቁኝ የነበሩ ይመስላሉ። ሽቦው ከትራሳቸው ጀርባ ወጥቶ በመስኮቱ ስንጥቅ አልፎ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለውን የጭቃ አጥር ዘሎ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ወርዷል።

«ያ ኡስጣ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ ባለሙያን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። «ሐጃ እንዳትሰማ።»

ወጥቼ ዞርኩና የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ሐበሻ ናት። ጎዳና ላይ ሻይ እያፈላች የምትሸጥ፣ ከአጥሩ ጋር የተለጠፈች አንዲት ክፍል የተከራየች ልጅ፤ አሁን ግን አራስ ናት። የክፍሏ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ውስጡ ምድጃ ነው። ፎጣ ላይ የተኛው ሕፃን ያለ ወሩ የተወለደ፣ ክንዱ ከአውራ ጣቴ የማይወፍር ነው። ራስጌው ላይ አንዲት ማራገቢያ ትዞራለች፤ የነጩ ሽቦ ጫፍ እሷ ጋ ነው።

ሥራዬን ስነግራት አለቀሰች። «ወንድሜ፣ ወላሂ እኔ አልጠየቅኩም» አለችኝ። «ከህረባ ሲቋረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ልጁ ያለቅስ ነበር፣ በኋላማ ማልቀሱንም ተወ። አንድ ቀን ሐጅ በመስኮት ጠሩኝ። ‹ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህን ያዢ፣ ለማንም አትንገሪ› ብለው ሰጡኝ። ለሳቸው የሚቀንስ መሆኑን አላወቅኩም። ንቀለው፣ ኸላስ፣ ይብቃ።»

ንቀለው ስትለኝ እጄ አልታዘዘም። እውነቱን ልናገር፣ ሐጅ ላይ ተናድጄ ነበር። ሰው ትንፋሹን ይሰጣል እንዴ? ያውም ሚስቱ እያንዳንዷን ሰዓት በጥርሷ ይዛ ስታቆይለት? ማራገቢያዋ ብዙ አትበላም፣ ግን ቀንና ሌሊት ነው የምትዞረው፤ እሳቸው የጎደላቸው የከሰዓት በኋላ ጊዜ ልክ እሷ የወሰደችው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ሕፃን አለ፣ የአገሬ ልጅ። የቱን እንደምነቅል አላወቅኩም። አንድ ነገር ግን ወሰንኩ፤ ሐጅ አትንገር ቢሉም ለሐጃ እነግራቸዋለሁ። ነገ ሰውየው ቢሞቱ፣ ምክንያቱን እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለሌላ ነገር እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ሐጃ ማድ ቤት በር ላይ ባሚያ ይከትፉ ነበር። ሐጃ፣ ችግሩን አግኝቼዋለሁ ብዬ ገና ስጀምር ቢላዋውን አስቀምጠው እጃቸውን አነሱ።

«አትንገረኝ» አሉ።

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ልጄ፣ አልጋውን የማነጥፈው እኔ ነኝ።»

ለካስ ሽቦው በፍራሹ ሥር ካለፈበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። አንሶላውን ሲቀይሩ ሽቦውን ያነሱታል፣ አንሶላውን አንጥፈው እንደነበረ ይመልሱታል። በአጥሩ በኩል ሲያልፉም ሽቦው ተጋልጦ እንዳይታይ ቅጠል ያለብሱታል። ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን የለም አሉኝ፣ ከስንት ልፋት ባዳኑኝ ብዬ ትንሽ በቁጣ ጠየቅኳቸው። አልተቀየሙኝም። እነሱ ዘንድ ምጽዋት ተደብቆ ሲሰጥ ከፈጣሪ የሚያገኙት ዋጋ፣ አጅር የሚሉት፣ ከሁሉ ይበልጣል። በእኛም ቤት ያው ነው፤ አደባባይ ላይ የሰጠ ሰው ምስጋናውን እዚያው ተቀብሏል እንላለን።

«መጾም ተወ፣ ሳንባው አልቻለም» አሉኝ። «መስጊድ መሄድ ተወ። ሰው መጠየቅ፣ ቀብር መቆም፣ ሁሉንም ተወ። አሁን በእጁ የቀረችው ይህቺ አንዲት ሽቦ ናት። አውቃለሁ ካልኩት የሁለታችን ትሆናለች። የሱ ብቻ ትሁን።»

«ታዲያ ለምን ጠሩኝ?»

«ለሁለቱም እንዲበቃ አድርግልኝ ብዬ ነዋ።»

ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ባሏን ለማትረፍ እየሮጠች፣ ባሏ የሚያባክነውንም አብራ የምትጠብቅ ሴት ግን ከዚያ በፊት አላየሁም። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ኢንሻአላህ ይበቃል አልኳቸው፤ እንዴት እንደሚበቃ ግን አላውቅም ነበር።

ሐሳቡን ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ባሚያውን ከድስት ጨምረው ወደ ዕቃ ቤት ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ስፈታው የሎሪ ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ ፊት ላይ የምትገጠም ትንሽ ማራገቢያ ናት፤ ሰማያዊ ቀለሟ ተልጧል፣ መከለያዋ አንድ በኩል ተጣሟል። ቦታ ይዞብኛል፣ ለምትፈልገው አድርገው አሉኝና ወደ ድስታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ከአፋቸው ቃል አልወጣም።

የሎሪ ማራገቢያ የቤት መብራት አትፈልግም፤ በቀጥታ ከባትሪ ነው የምትሠራ፣ ኢንቨርተር ውስጥ አልፋ የምታባክነው የለም። ካራቫኑ ደግሞ ከአልጋው ሥር ካሉት ባትሪዎች ሌላ ሞተሩን የሚያስነሳ የራሱ ባትሪ አለው። ሞተሩ ሞቷል፣ ጎማው ተቀብሯል፣ ባትሪው ለማን ተብሎ ነው ኮፈኑ ሥር የተቀመጠው? አወጣሁት፣ ሱቄ ወስጄ በቀስታ ሞላሁት፣ ነፍስ ዘራ። ለብቻው አስቀምጬ፣ መብራት ሲመጣ በትንሽ ቻርጀር እንዲሞላ አደረግኩ። ከትልልቆቹ ባትሪዎች ጋር በምንም እንዳይገናኝ ለየሁት፤ ከእንግዲህ የሐጅን ትንፋሽ የሚነካ የለም።

ቀጭኑን ነጭ ሽቦ ከኢንቨርተሩ ስፈታ ሐጅ አንጓዬን ያዙኝ። ጣታቸው ያን ያህል ጉልበት አለው ብዬ አልገመትኩም ነበር።

«አትቁረጠው» አሉ።

እንደማልቆርጠው፣ መንገዱን ብቻ እንደምቀይረው ነገርኳቸው። በዚህ ዓይነት ኃይል ረጅም ቀጭን ሽቦ ግማሹን መንገድ ላይ ይበላዋል፤ ስለዚህ ወፍራሙን በዚያው በፍራሹ ሥር፣ በዚያው በመስኮቱ ስንጥቅ አሳለፍኩት። ከዚያ ማራገቢያዋን በአጥሩ ላይ ለማቀበል ከቦርሳዬ አወጣኋት። ሐጅ አዩዋት። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰጠኋቸው። የተላጠውን ቀለም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ የተጣመመውን መከለያ ዳሰሱ። ስንት ዓመት ፊታቸው ላይ ስትዞር የኖረች ናት።

ከየት እንዳገኘኋት ጠየቁኝ። ከገበያ አልኩ። ደንበኞቼን ሁሉ በውሸታምነት ስከስስ የኖርኩት ሰውዬ ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ።

«ገበያው ሩቅ ነው?» አሉኝ።

«ቅርብ ነው።»

ወደ ማድ ቤቱ አቅጣጫ አዩ። ከዚያ ማራገቢያዋን መለሱልኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጉንጫቸው ላይ ግን ፈገግታ ነበር። አወቁ። ሐጃ ማወቃቸውን አወቁ፣ እሳቸውም እንዳላወቁ ሆኑ። እዚያ ጠባብ ካራቫን ውስጥ ተንበርክኬ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ስንት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ እንደቆዩ እያሰብኩ ቀናሁባቸው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ ወደ ባትሪው ዞሮ ማጉረምረሙን ቀጠለ። እኔ ወደ ሱቄ አልተመለስኩም፤ ኒሙ ሥር ቁጭ ብዬ ሐጃ ያቀረቡልኝን ሻይ እየጠጣሁ ጠበቅኩ። ከአጥሩ ማዶ የሎሪዋ ማራገቢያ እንደ ንብ ትጮሃለች፤ ድምፅ ታበዛለች፣ ግን ነፋሷ ሁነኛ ነው። ሕፃኑ አንዴ አለቀሰ። ሐጅ ጭንቅላታቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ፣ ሐጃ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዱዓቸውን ቀጠሉ። የዐስር ጸሎት ተጠራ፤ ማሽኑ አልቆመም። ሁላችንም ኢንቨርተሩን እያየን ሌላ ሌላ እናወራለን። ለመግሪብ ሲጠራ የቤቱ አምፑል ቦግ አለ። ሲሊንደሩን ያን ቀን የነካው ሰው የለም።

ሐጃ በሩ ላይ ቆመው፣ ባላቸው እየሰሙ፣ ጥፋቱ ምን ነበር ብለው ጠየቁኝ። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር የለም። ሐጅ አዩኝ። እኔ ፒንሳዬን ቦርሳዬ ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

ያወጡኝ ሐጅ ናቸው። «ዛፉ ነው» አሉ። «ኡስጣ ነግሮኛል፣ ፓኔሉን የጋረደው ዛፉ ነው። ቅርንጫፉን ቁረጡት።»

ሐጃ ይህ ዛፍ ነገር እንደማያጣ ድሮም ሲናገሩ እንደነበር አስታወሷቸው። ሐጅ አዎ፣ ተናግረሽ ነበር አሉ። በነጋታው በገዛ እጃቸው ውሃ አጠጥተው ያሳደጉት የኒም ቅርንጫፍ ተቆረጠ። ፓኔሉንማ በእርግጥ ጠቀመው፤ እኔ ግን የተቆረጠው ለፓኔሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ የእነሱ ቤት ሰው ሆንኩ። በጾም ስሄድ ሐጃ ዘይት ብቻ የገባበት ፉል ለይተው ያቀርቡልኝ ነበር። ለባትሪው ውሃ ልጨምር ብዬ እሄዳለሁ፣ ሐጅ ደግሞ ስለ መንገዳችን ሽቅብነት አንድ ነገር ሳይሉ አይለቁኝም። ያችን ሻይ ሻጭ በስም ጠርተው አያውቁም። ሐጃም አያነሷት።

ሐጅ የሞቱት በዝናቡ ወቅት ነው። መብራት ነበረ፣ ማሽኑም ይሠራ ነበር፤ ጊዜያቸው ደርሶ ነው። የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ በኋላ ሐጃ ሰው ላኩብኝ፣ ካራቫኑ ውስጥ የሚነቀለውን እንድነቅል። እንደ ደንባቸው ባሏ የሞተባት ሴት ወራት ሙሉ ባዕድ ወንድ ፊት አትቀርብም፤ ስለዚህ እሳቸው ቤት ውስጥ ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ፣ እኔ ግቢው ውስጥ ሆነን ነበር የምንነጋገር። አብሽሩ አልኳቸው። ስለ ሐጅ ትንሽ አወራን።

በዚህ መሐል ሻይ ሻጯ መጣች። ልጇ ወፍሮ፣ ጎኗ ላይ ተፈናጥጦ፣ የእሷን ነጠላ ጫፍ ያኝካል። እኔን በዓይኗ ሰላም ብላ ወደ ሐጃ ገባች። ከመጋረጃው ጀርባ ስታለቅስ ይሰማኛል። በተሰባበረ ዐረብኛ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ በመስኮቱ የተሰጣትን ሽቦ፣ ለማንም አትንገሪ መባሏን፣ ከሐጃ ደብቃ መኖሯ እንዴት እንደከበዳት። ሐጅ ከሞቱ ወዲያ ልትይዘው አልቻለችም። ይቅር በሉኝ አለች።

ሐጃ ልጁን አምጪው አሏት። ከዚያ የሕፃኑን እጅ የሚስሙ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

«አልነገረኝም» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም።»

ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ፊቴን ወደ ካራቫኑ አዞርኩ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተቤን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ገብቼ አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ። ፍራሹ ተነስቷል፤ የማሽኑ ሽቦና ወደ አጥሩ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ፒንሳዬን አውጥቼ በመስኮቱ ተጣራሁ።

«ሐጃ፣ የትኛውን ልንቀል?»

«ማሽኑን» አሉኝ። «ማሽኑን ብቻ።»